ጥሪው የባል ነው ወይስ የቤተሰብ? ወደ ቱርካና ሊዛወር ስላለ ቤተሰብ የተደረገ ውይይት

በኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተችው በአዲስ አበባ የምትኖር ነርስና የሦስት ልጆች እናት ናት። ባለቤቷ በወንጌላዊነት የሚያገለግልባት ቤተክርስቲያን በሰሜን ምዕራብ ኬንያ፣ በቱርካና፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት እንዲያስተምር መድባዋለች፤ መኖሪያው ሎድዋር ከተማ ሆኖ በካኩማ የስደተኞች መጠለያ ለሚገኙ ኢትዮጵያውያን ምእመናንም እየተመላለሰ እንዲያገለግል ታስቧል። ትልቋ ልጅ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ይጠብቃታል፤ ሁለተኛው ስድስት ዓመቱ ነው፤ የመጨረሻዋ ገና የአራት ወር ሕፃን ናት። በዚህ ሁሉ ላይ ጠያቂዋ የታመሙ እናቷን ትጦራለች። ባለቤቷ ጥሪው ከእግዚአብሔር መሆኑን አይጠራጠርም፤ እርሷ ግን እስካሁን በልቧ የመጣላት ነገር የለም። የቤተክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች ሚስት ባሏን እንደምትከተል በመልካም ቃል ነግረዋት ጉዳዩን ዘግተውታል። ጥያቄዋ ልጇ እስክትፈተን ድረስ ልቆይ ማለቷ አለመታዘዝ ይሆን ወይ የሚል ነበር፤ ከዚያ በታች እንደ ዋዛ ጣል ያደረገችው ሌላ ጥያቄ ግን ለባል የመጣ ጥሪ ለሚስትም እንደመጣ ይቆጠራል ወይ የሚል ነበር። ከተሰጡት 31 መልሶች አብዛኞቹ በዚህች በሁለተኛዋ ጥያቄ ዙሪያ ተሽከረከሩ። የቤተሰቡን ኑሮ በተግባር የሚወስነውን ጉዳይ፣ ማለትም ላኪዋ ቤተክርስቲያን ምን ለመስጠት እንደተስማማች፣ እስከ ሃያዎቹ ቁጥሮች ድረስ ማንም በቅጡ አላነሳውም።

ከቁጥር 1 እስከ 3 ያሉት መልሶች በጨዋነት የተጻፉ ምርቃቶች ናቸው። ሁለቱ በጸሎት እንደሚያስቧት ቃል ገቡ፤ ሦስተኛዋ፣ የመጋቢ ሚስት የሆነች እህት፣ ሰላም በልቧ እስኪመጣ ድረስ እንዳትቸኩል መከረቻት። ሰላሙ ሳይመጣ የመሄጃው ቀን ቢደርስ ምን እንደሚደረግ ግን አልነገረቻትም።

ቁጥር 4 ላይ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። ጸሐፊው አብርሃም ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ መውጣቱን፣ ጌታም በሉቃስ ምዕራፍ 14 ስለ ደቀ መዝሙርነት ዋጋ የተናገረውን ካስታወሰ በኋላ፣ እንግሊዛዊውን ሚሲዮናዊ ቻርልስ ስተድን በምሳሌነት አቀረበ። ስተድ እ.ኤ.አ. በ1913 ሚስቱን በእንግሊዝ ትቶ ወደ ቤልጂግ ኮንጎ እንደተጓዘና በ1931 እዚያው እንዳረፈ ተርኮ፣ የዛሬ አገልጋዮች በትምህርት ቤት ፈተናና በአያት ሕመም የሚታሰሩት ለምን እንደሆነ ጠየቀ። አብርሃም ከካራን የወጣው ሣራን፣ ሎጥንና ቤተሰዎቹን ሁሉ ይዞ እንደነበር አላስተዋለም፤ ይህን ያስታወሰው ሌላ መልስ ሰጪም በክሩ ውስጥ አላገኘሁም።

ቁጥር 5 የወንጌላዊ ልጅ መሆኗን ገልጻ የጀመረች ሴት ናት፤ ቃሏም የሚቆርጥ ነበር። ስለ ቤተሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖትን እንደካደ የሚናገረውን አንደኛ ጢሞቴዎስ 5፥8ን፣ እንዲሁም ጌታ ለወላጆች የሚገባውን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ በሚል ሰበብ የሚከለክሉትን የወቀሰበትን የማርቆስ ምዕራፍ 7 ክፍል በቁጥር 4 ጸሐፊ ፊት ዘረጋች። ከዚያም የስኮትላንዳዊውን ሚሲዮናዊ የዴቪድ ሊቪንግስተንን ቤት አነሳች። ሊቪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1852 ሚስቱን ሜሪንና አራት ልጆቹን ከኬፕታውን በመርከብ አሳፍሮ ወደ ብሪታንያ እንደሰደዳቸው፣ እነርሱም እዚያ በችግር እንደኖሩ፣ ሜሪም ከዓመታት በኋላ ባሏ ወዳለበት ተመልሳ በ1862 በዛምቤዚ ወንዝ ዳር፣ በሹፓንጋ፣ በወባ እንደሞተች ጻፈች። የደረሰችበት መደምደሚያ ግልጽ ነበር፤ የባል ዝና ሚስት በከፈለችው ዋጋ ተገዝቷል።

የሁለቱን ስሕተት ያቃናው ቁጥር 6 ነው፤ በክሩ ውስጥ በእርጋታው የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ስተድ አንድ ጊዜ ተመልሶ መጥቶ ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው በ1916 መሆኑን፣ ሚስቱ ፕሪሲላም ታማሚ ሆና ሳለ በእንግሊዝ ቁጭ ብላ የተልእኮውን ጽሕፈት ቤት ስታንቀሳቅስ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ኮንጎ ድረስ ሄዳ ባሏን ያየችው በ1928 ለጥቂት ቀናት ብቻ እንደሆነና በዓመቱ እንደሞተች አስረዳ። ይህን ለማወደስም ለማውገዝም ሳይቸኩል፣ ሁለቱም ባይገናኙም እርሷ ሥራ አልባ እንዳልነበረች አመለከተ። ስለ ሜሪ ሊቪንግስተን ያነሳው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ሜሪ እ.ኤ.አ. በ1821 በደቡብ አፍሪካ የተወለደች የሚሲዮናዊው የሮበርት ሞፋት ልጅ በመሆኗ የአገሩን ሰዎች ቋንቋ ከልጅነቷ የምታውቅ ነበረች፤ ስለዚህ ስደት የሆነባት አፍሪካ ሳይሆን የባሏ ዘመዶች ያሉባት ስኮትላንድ ነበረች። ከዚህ ተነሥቶ ጠያቂዋን አንድ ነገር እንድታስብ ጋበዛት፤ ከባሏ ተለይቶ መቅረትም ራሱን የቻለ መዛወር ነው፤ የምትቀረው ሴት ቤቷ እዚያው ቢሆንም ኑሮዋ ግን አንድ አይሆንም። ይህ መልስ ቢነበብ ኖሮ ከዚህ በኋላ የተጻፈው ግማሹ አያስፈልግም ነበር፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ ቦታ ረጅም መልስ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው።

ቁጥር 7 በታንዛንያ ያደገች የኢትዮጵያውያን አገልጋዮች ልጅ ናት። ስትሄድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ስዋሂሊ ባለማወቋ ከእርሷ በሁለት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር እንድትቀመጥ ተደረገ፤ ይህን በዓመት ውስጥ ረሳችው። የማትረሳው ግን ለዕረፍት ወደ አገር ቤት በመጡ ቁጥር መድረክ ላይ ወጥታ በስዋሂሊ እንድትዘምር መደረጉን ነው። ምእመናኑ በደስታ ያጨበጭቡ ነበር፤ እርሷ ግን እዚህ የሌላ አገር ልጅ፣ እዚያም የሌላ አገር ልጅ ሆና መቅረቷን ያወቀችው በዚያ መድረክ ላይ እንደሆነ ጻፈች። ወላጆቿን አትወቅስም፤ እምነቷንም አልተወችም። የምትጠይቀው የ13 ዓመቷ ልጅ ስለ ጉዳዩ የምታስበውን ሰው ጠይቋት ያውቅ እንደሆነ ብቻ ነው። ጠያቂዋ ይህን መልስ ካነበበች በኋላ ልጇን ገና እንዳልጠየቀቻት በአንድ መስመር አመነች፤ ይህም ቁጥር 8 ሆኖ ተቆጠረ።

ቁጥር 9 የክሩን ጨዋነት አፈረሰው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ጠያቂዋን በአክብሮት እህታችን ሲሏት፣ ይህ ሰው በቀጥታ ወቀሳ ጀመረ፤ ወንጌላዊ ስታገባ የሚጠብቃትን ታውቅ ነበርና አሁን ጥሪ አልተሰማኝም ማለት ኪዳንን ማፍረስ ነው የሚል ነበር አሳቡ። ቁጥር 10 ላይ ጠያቂዋ የሰጠችው መልስ ግሩም ነው። ስታገባው የባንክ ሠራተኛ እንደነበርና ወደ ሙሉ ጊዜ አገልግሎት የገባው ሁለተኛው ልጅ ከተወለደ በኋላ እንደሆነ፣ ያን ጊዜም ደመወዙ ሲቀንስ ቤቱን በነርስነት ደመወዟ የያዘችው እርሷ እንደነበረች ያለ አንዳች የቁጣ ቃል ገለጸች። ቁጥር 9 ይቅርታም ሳይጠይቅ፣ ተመልሶም ሳይጽፍ ጠፋ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ቁጥር 11 በአንድ የወንጌል ተልእኮ ኮሚቴ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ አዛውንት ናቸው። ጥሪ ለማን ይመጣል የሚለውን ከመከራከር ይልቅ፣ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው የሚያደርጉትን ዘርዝረው ጻፉ። ባልና ሚስቱን መጀመሪያ በአንድነት ያነጋግራሉ፤ ከዚያ ሚስቲቱን ለብቻዋ፣ በኮሚቴው ውስጥ ያሉ ሴቶች ያነጋግሯታል፤ ባሏ ፊት እሺ ያለች ሴት ለብቻዋ ስትጠየቅ ዝም ካለች ጉዞው ይዘገያል፤ የመዘግየቱም ምክንያት በእርሷ ስም አይነገርም። የመጨረሻው አንቀጽ ብልህነት ያለበት ነው፤ እምቢ የማለት መብት የተሰጣት ሴት፣ እምቢታዋ በማኅበር ፊት የሚገለጥ ከሆነ፣ መብቱን ልትጠቀምበት አትችልምና። በቅዱሳት መጻሕፍትም አቂላና ጵርስቅላ ከሮም ወደ ቆሮንቶስ፣ ከዚያም ወደ ኤፌሶን ሲዛወሩ ሁልጊዜ ሁለቱም በስማቸው እንደሚጠሩ፣ ሐዋርያት ሚስቶቻቸውን ይዘው ይዞሩ እንደነበርም አንደኛ ቆሮንቶስ 9፥5 እንደሚመሰክር አስታወሱ። እኔ ብሆን ጠያቂዋ ይህን መልስ አትማ ለሽማግሌዎቿ እንድትሰጥ እመክራት ነበር።

ቁጥር 12 ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ አሠራር መሆኑን በመግለጽ ተቃወማቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የውጭ ሚሲዮናውያን ከወላይታ ከወጡ በኋላ ወደ ጎረቤት ሕዝቦች በእግራቸው የተጓዙት ወንጌላውያን ኮሚቴም ቃለ መጠይቅም እንዳልነበራቸው፣ ወንጌሉ ግን እንደ ሰደድ እሳት እንደተስፋፋ ጻፈ። ጨምሮም ከቡጋንዳ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1896 ወደ ኮንጎ ደን፣ ወደ ቦጋ የተሻገረውን ወንጌላዊ አፖሎ ኪቬቡላያን አነሳ፤ እርሱም በ1933 እዚያው እስኪያርፍ ድረስ አገልግሏል። አፍሪካዊ ለአፍሪካዊ ሲላክ የአውሮፓውያን ደንብ እንደማያስፈልገው ለማሳየት ነበር።

ታሪኩን የሚያውቅ ሰው በቁጥር 13 መጣ። አያቱ ከነዚያ የወላይታ ወንጌላውያን አንዱ እንደነበሩ ገልጾ፣ ሚሲዮናውያኑ እ.ኤ.አ. በ1937 ሲወጡ በወላይታ የተጠመቁት ምእመናን 50 የማይሞሉ እንደነበሩ፣ ከዚያ በኋላ የተላኩት ወንጌላውያን ግን ከላኪ አጥቢያቸው ያልተቆራረጡ ቤተሰቦች እንደነበሩ አብራራ። እንደ አያቱ አነጋገር ሴት አያቱ በሄዱበት አገር ቤት ሠርተው፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ውኃ ቀድተው፣ ቋንቋውን ከባላቸው ቀድመው ተናግረዋል፤ ባል የሰበከውን ጎረቤት ያመነው የቤታቸውን ኑሮ አይቶ ነው። ስለ ኪቬቡላያም፣ ሚስቱ በሞት የተለየችውና ዳግመኛ ያላገባ ሰው እንደነበር አስታውሶ፣ የእርሱን ሕይወት ሦስት ልጆች ላሏት እናት መለኪያ ማድረግ ፍትሐዊ አለመሆኑን ጠቆመ። ቁጥር 12 ይህን ተቀብሎ አመሰገነ፤ በክሩ ውስጥ አሳቡን በግልጽ የለወጠ ሰው እርሱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ትምህርት የመጡት መልሶች በፍጥነት ሊታለፉ ይችላሉ፤ አንዱ ግን ለጠያቂዋ የሚረባ ነበር። ቁጥር 14 በኬንያ የኖረ መምህር ሲሆን፣ የኬንያ የትምህርት ዓመት በጥር መጀመሪያ ግድም እንደሚከፈትና በሦስት ተርም እንደሚከፈል፣ በአንደኛ ደረጃ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ የግድ እንደሚሰጡ፣ የቀድሞው ስምንት ዓመት፣ አራት ዓመት፣ አራት ዓመት ይባል የነበረው ሥርዓት ቀርቶ በብቃት ላይ የተመሠረተው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እየተተካ ስለሆነ ልጅቱ የምትገባበት ክፍል ከትምህርት ቤቱ ጋር አስቀድሞ ሊስማሙበት እንደሚገባ አስረዳ። እግረ መንገዱንም ልጅቱ በሰኔ ተፈትና ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ያለውን ክፍተት ለቋንቋ ትምህርት ብታውለው ዓመት ሳይባክን እንደምትጀምር አሳየ። መቆየቷ ለትምህርቷ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ሊሆን እንደሚችል ያሰላ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

ቁጥር 15 ደግሞ ልጅቱን በኪጃቤ ወደሚገኘው የሪፍት ቫሊ አካዳሚ አዳሪ አድርጎ መላክን ሐሳብ አቀረበ፤ ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1906 ለሚሲዮናውያን ልጆች የተመሠረተ እንደሆነ፣ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትም በ1909 የመሠረት ድንጋይ እንዳኖረለት በኩራት ጻፈ። ሩዝቬልት ለጥያቄው ምን እንደሚፈይድ አልገባኝም። ቁጥር 16 በምሬት መለሰለት። እንዲህ ያለ ክፍያ ለአንድ የኢትዮጵያ አጥቢያ ቤተክርስቲያን የማይታሰብ ከመሆኑም በላይ፣ የአዳሪነት ታሪክ ሁሉ የሚያኮራ አለመሆኑን ለማስረዳት፣ በጊኒ በማሙ ከተማ ይገኝ በነበረው የሚሲዮናውያን ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ የተፈጸመውን በደል፣ ተማሪዎቹ አድገው ሲናገሩ በ1990ዎቹ የተቋቋመ ገለልተኛ አጣሪ ኮሚሽን እንዳረጋገጠው አነሳ። ልጁን በሩቅ አስቀምጦ የሚያገለግል ወላጅ፣ ልጁን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ የማወቅ ግዴታ እንዳለበት በመግለጽ ደመደመ። ለዚህ የተቃወመ አልነበረም።

ቁጥር 17 ላይ አንድ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ዲያቆን ገባ፤ አገባቡም በትሕትና ነበር። በእርሱ ቤተክርስቲያን ሚስትና ልጆች ያሉት ቄስና ዓለምን የተወ መነኩሴ ሁለት የተለያዩ የአገልግሎት መንገዶች እንዳሏቸው፣ ጳጳሳትም የሚሾሙት ከመነኮሳት እንደሆነ አስታውሶ፣ ወንጌላውያን ወገኖቹ ምንኩስናን ሳይቀበሉ የመነኩሴን ሸክም ባለትዳር ላይ የሚጭኑ እንደሚመስለው ጻፈ። ይህ ትዝብት ከብዙዎቹ መልሶች ይልቅ የጉዳዩን ሥር የነካ ነው ብዬ አምናለሁ። ያሳዝናል፤ ቁጥር 18 ትዝብቱን ትቶ በምንኩስና ላይ ክርክር ከፈተ። ቁጥር 19 ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሆነው እስኪሾሙ ድረስ የኢትዮጵያ ቤተክርስቲያን አባቶች ከግብፅ የሚላኩ መነኮሳት እንደነበሩ አንሥቶ፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ የሕዝቡን ቋንቋ ሳያውቁ መኖራቸውን በምሳሌነት አቀረበ፤ ቤተሰብ ሳይኖረው የተዛወረ ሰው ከሕዝቡ ጋር ለመዋሃድ እንደሚቸገር ለማሳየት የፈለገ ይመስለኛል። ቁጥር 20 ይህን እንደ ስድብ ቆጠረው። በቁጥር 21 አወያዩ ጣልቃ ገብቶ፣ የሃይማኖት ክርክር የሚፈልግ ሌላ ክር እንዲከፍት አስጠነቀቀ፤ ከቁጥር 18ና ከቁጥር 20 ላይም ጥቂት መስመሮችን ሰረዘ።

ውይይቱ ወደ መሬት የወረደው በቁጥር 22 ነው። ጸሐፊው በአንድ ቤተክርስቲያን የሒሳብ ሠራተኛ ሲሆን፣ ጠያቂዋ ጥሪ ስለማን እንደሆነ ከመጨነቋ በፊት የድጋፉ ገንዘብ በየትኛው አገር ገንዘብ ቃል እንደተገባ እንድትጠይቅ ነገራት። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን በተለቀቀ ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን አስታወሰ። በብር ቃል የተገባለት አገልጋይ የቤት ኪራዩንና የልጆቹን ትምህርት የሚከፍለው በኬንያ ሽልንግ ነውና፣ ላኪዎቹ አንዲት ሳንቲም ሳይቀንሱበት ኑሮው በአንድ የክረምት ወር ግማሽ ሊሆን ይችላል። እርሱ በሚሠራበት ቦታ በዚያ ዓመት ከውጭ ከተመለሱት ቤተሰቦች መካከል እምነቱ የደከመ እንዳላየ፣ ኪራይ መክፈል ያቃተው ግን እንዳየ ጻፈ። የተመለሱት ቤተሰቦች በአገር ቤት የተቀበላቸው ወሬ ደግሞ ጸሎት አነሳቸው የሚል ነበር።

ከዚያም መጠየቅ ያለባቸውን ነገሮች ደረደረ፤ ልዩነቱን ማን እንደሚሸፍን፣ አንዱ የቤተሰብ አባል በጠና ቢታመም ወደ ናይሮቢ ለመውሰድ ወጪው ከየት እንደሚወጣ፣ የጠያቂዋ እናት ቢያርፉ የመመለሻ ትኬቱን ማን እንደሚቆርጥ፣ ባለቤቷ በአገልግሎት ላይ ሳለ ቢሞት ለእርሷና ለልጆቹ ምን እንደተዘጋጀ። የመጨረሻውን ሲጽፍ ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታ የሚያስጠይቅ አልነበረም፤ ሽማግሌዎች በመልካም ቃል የሚዘጉት ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ስለ ጥሪ መጨቃጨቅ ሁሉንም መንፈሳዊ ያስመስላል፤ ስለ ትኬት መጠየቅ ግን እምነት የጎደለው ያስመስላል። በክሩ ውስጥ የተሰነዘሩት ጥቅሶች ሁሉ በሚስቲቱ ላይ ወይም በባሏ ላይ ሲወድቁ፣ በላኪዋ ቤተክርስቲያን ላይ የወደቀ አንድም ጥቅስ አለመኖሩን ያስተዋልሁት እዚህ ላይ ስደርስ ነው።

ቁጥር 23 የፈቃድ ጉዳይ አከለበት። ኬንያ ለሃይማኖትና ለበጎ አድራጎት አገልጋዮች የምትሰጠው የሥራ ፈቃድ ክላስ አይ የሚባለው እንደሆነ፣ ማመልከቻውም በኬንያ በተመዘገበ ተቀባይ ድርጅት በኩል እንደሚቀርብ፣ ሚስትና ልጆች በእርሱ ሥር የጥገኛ ፈቃድ፣ ልጆቹም ለትምህርት የተማሪ ፈቃድ እንደሚያስፈልጋቸው ገለጸ። የጥገኛ ፈቃድ ሥራ አያሠራም። ጠያቂዋ በነርስነት ለመሥራት ካሰበች በኬንያ የነርሶች ምክር ቤት መመዝገብና የራሷን የሥራ ፈቃድ ማግኘት ይኖርባታል፤ ስለዚህ ቢያንስ በመጀመሪያው ጊዜ ቤቱ ያለ እርሷ ደመወዝ እንደሚቆም አስቦ መነሣት ይገባል። ጠያቂዋ ለዚህ መልስ ምስጋናዋን ስትገልጽ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ከቤተክርስቲያኒቱ ይህን የነገራት ሰው እንዳልነበረ አልሸሸገችም። ያ ቁጥር 24 ነው።

ቁጥር 25 ሰው የሚያስፈራ ታሪክ ይዞ መጣ። በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የነበረው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከኢትዮጵያ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1844 ወደ ሞምባሳ እንደሄደ፣ በዚያው ዓመትም ሚስቱን ሮዚናንና አዲስ የተወለደች ልጁን በወባ እንደቀበረ ተርኮ፣ የአራት ወር ሕፃን ይዞ ወደ ቱርካና መውረድን እብደት አደረገው። ቁጥር 26 ሐኪም ናት፤ ትዕግሥቷ ማለቁ ከአጻጻፏ ይታወቃል። በ1844 የወባ ምክንያት እንኳ አይታወቅም ነበር፤ ተሕዋሲው በሰው ደም ውስጥ የታየው በ1880፣ በትንኝ እንደሚተላለፍ የታወቀውም በ1897 ነው። ሕፃናት ዛሬም በወባ እንደሚሞቱ አልካደችም፤ ነገር ግን የሚሞቱት ባብዛኛው ትኩሳቱ በጊዜ ስላልተመረመረ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ያደጉ ልጆች ለበሽታው የዳበረ መከላከያ ስለሌላቸው፣ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ለእያንዳንዱ መኝታ እንዲሰቀል፣ ትኩሳት ሲነሣ ሳይውል ሳያድር ደም እንዲመረመር፣ የመከላከያ መድኃኒትም በልጆቹ ክብደት እንዲታዘዝ መከረች። ለአዋቂዎች የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስለማይሆን የስድስት ዓመቱ ልጅ ከአባቱ መድኃኒት ተካፍሎ እንዳይወስድ ለይታ አስጠነቀቀች።

ቁጥር 27 ላይ ጠያቂዋ ውሳኔያቸውን ጻፈች። ልጇን ጠይቃታለች፤ ልጅቱም ከመሄድ ይልቅ ፈተናውን ሳትፈተን መሄድን እንደምትፈራ ነግራታለች። ባለቤቷም የክሩን መልሶች አንብቦ፣ ለብቻው ቀድሞ ሊሄድና ቤት ሊያደራጅ፣ እርሷና ልጆቹም ከፈተናው በኋላ፣ የኬንያ የትምህርት ዓመት ከመከፈቱ አስቀድሞ ሊከተሉት ተስማምተዋል። ሽማግሌዎቹ የድጋፉን ገንዘብ በሽልንግ ተምኖ የሚገልጽ ደብዳቤ ለመጻፍ እሺ ብለዋል፤ የሕክምናውንና የትኬቱን ነገር ግን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳድረውታል። እርሷም ያ እስኪጻፍ ድረስ ከሥራዋ መልቀቂያ እንደማታስገባ ገለጸች። ጥሪ ተሰምቷት እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ አልጻፈችም፤ ማንም አልጠየቃትም።

ቁጥር 28 አንደኛ ቆሮንቶስ 7፥5ን ጠቅሶ፣ ባልና ሚስት መለያየት ያለባቸው በስምምነት ለጊዜው ብቻ መሆኑን በማሳሰብ፣ አንድ ዓመት የሚጠጋ መለያየት ለፈተና እንደሚያጋልጥ ተናገረ። በዚህ ላይ ቁጥር 29 የራሷን ታሪክ አመጣች። ባሏ ወደ ጁባ ለግማሽ ዓመት ብቻ ብሎ ቀድሞ ሄዶ፣ ቤት አልተገኘም፣ በጀት አልመጣም፣ መንገዱ አልተረጋጋም እየተባለ መገናኘታቸው ዓመታት ፈጀ፤ ትንሹ ልጃቸው አባቱን በስልክ ድምፅ ብቻ ያወቀው ነበር። ከዚህ የተረፋት ምክር አንድ ነው፤ የመገናኛው ቀን በደብዳቤው ላይ ይጻፍ፤ ያ ቀን ቤቱ ሳይዘጋጅ ቢደርስ እርሷ የምትጠብቅ ሳይሆን እርሱ የሚመለስ ይሁን። ሙሴም ሚስቱን ሲፓራንና ሁለቱን ልጆቹን ወደ አማቱ ቤት ሰድዷቸው እንደነበር፣ ወደ ምድረ በዳ ያመጣቸው ግን ዮቶር እንደሆነ በዘጸአት ምዕራፍ 18 ተጽፏልና፣ የሚያገናኛቸውን ሽማግሌ ከወዲሁ በስም እንዲመርጡ ጨመረች።

ቁጥር 30 ስለ ታማሚዋ እናት ጠየቀ፤ ጠያቂዋም እናቷ ታናሽ እህቷ ቤት ሊገቡ እንደተስማሙ በዚያው መልስ ሥር ጻፈች። መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር 31 የሐኪሟ ነው። ከዘጠኝ ወር በታች ያለ ሕፃን የቢጫ ወባ ክትባት በመደበኛነት እንደማይሰጠው፣ ትንሿ ልጅ ግን በታሰበው የጉዞ ጊዜ ያን ዕድሜ ስለምታልፍ ከቀሩት ጋር ልትከተብ እንደምትችል አስታወቀች። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት የምስክር ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ስምም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድም ፊደል ሳይለያይ መጻፉን ከክሊኒኩ ሳይወጡ ማረጋገጥ ይገባል።